ሙእኒሳ የሚባሉት የላስታ እማሆይ

ስሜ ሙእኒሳ ነው፤ ሙእኒሳ ሰይድ። አንዴ ተናግሬው በትክክል የሰማኝ ሰው የለም። በትምህርት ቤት መዝገብ ሙኒራ ነበርኩ፣ በጤና ጣቢያ ካርዴ ሙንሳ ነኝ፣ ባንክ ቤት ደግሞ ለማሳረም ሦስት ጊዜ ተመላልሼ በመጨረሻ ሙኒሳ ላይ ተስማምተን ተለያየን። የሚገርመው ሥራዬ ራሱ የሰው ስም መጻፍ ነው። ሐርቡ ከተማ ውስጥ ልደትና ሞት እመዘግባለሁ። ከድር፣ ዘሃራ፣ ይመር፣ ፋጡማ እያልኩ ዕድሜዬን ጽፌያለሁ፤ የራሴን ስም ግን አንድ ቀን እንኳ ለሌላ ሰው ጽፌ አላውቅም።

ትርጉሙን የነገሩኝ የሰፈራችን ሸኽ ናቸው። "ኡንስ ማለት ከብቸኝነት መውጣት ነው። ሙእኒሳ ብቸኝነትን የምታስረሳ፣ አብራ ሆና የምታጫውት ማለት ነው" አሉኝ። ዓረቦች ጥንት ሐሙስን ሙእኒስ ይሉት እንደነበርም ጨመሩልኝ። እናቴን ብጠይቃት ግን የተወለድኩት ማክሰኞ ነው። ስሙን ያወጣው አባቴ ነበር። ምክንያቱን ለእናቴም አልነገራትም። "ከዚህ ስም ሌላ አልሰማም አለ" ትለኝ ነበር፣ ሌላ የምታውቀው የላትም። አባቴ የሞተው ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው። እናቴም ካለፈች አራት ዓመት ሆናት። አላገባሁም፣ ወንድም እህትም የለኝም። ብቸኝነትን የምታስረሳዋ ሴት ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍታ ነው የምትተኛው።

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ እናኑ የምትባል ወጣት እናት የልጇን ልደት ልታስመዘግብ ቢሮዬ መጣች። ባሏ እኛ አገር ግንበኛ ነው፣ እሷ የላስታ ልጅ ናት። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ስም አነበበችና፣

"እንደኛ አገሯ እማሆይ ነው እንዴ ስምሽ?" አለችኝ።

"የቷ እማሆይ?"

"እማሆይ ሙኒሳ። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲወጣ ካለው ሰፈር ናቸው።"

"ሙስሊም ነበሩ?"

"ኧረ እዚያው ተወልደው እዚያው የመነኮሱ ናቸው። ስሙን ግን አንድ የጨው ነጋዴ ነው ያወጣላቸው ይባላል።"

አባቴ በወጣትነቱ በበቅሎ ጨውና በርበሬ ጭኖ ወደ ላስታ ይወጣ እንደነበር አውቃለሁ። እናኑ ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። መንገደኛ ነጋዴ ለሰው ልጅ ስም የሚያወጣው ለምንድን ነው? ልጅቷ የራሱ ካልሆነች በቀር? እኚህ መነኩሴ የአባቴ ልጅ ቢሆኑስ? ሐሳቡን ለማንም አልነገርኩም። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ፣ መንገዱ ክፍት ነው በተባለበት ሳምንት ተነሣሁ።

ማክሰኞ

ከሐርቡ በማለዳ ሚኒባስ ወጣሁ። ማሽላው ገና በየማሳው ቆሟል፤ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ማማ ላይ ወጥተው ይጮኻሉ። በኮምቦልቻ አድርጌ ደሴ፣ ከደሴ ደግሞ ወልድያ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ መንገዱን ሙሉ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩኝ ቆዩና በመጨረሻ "አንቺስ ማን ጋ ነው የምትሄጂው?" አሉኝ። "እህቴ ጋ" አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ ጋለ። ሴትዮዋ "ታድለሽ፣ እህት ያላት ሰው" ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ወልድያ እስክንገባ ዓይናቸውን ማየት ከበደኝ።

ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዝኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ ግን አይዘጋም። አገሬ ቢሆን መስኮት ክፍት አድርጎ መተኛት ምቾት ነው። እዚህ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው ያደርኩት።

ረቡዕ

በድልብና በኩልመስክ በኩል ወደ ላሊበላ የሚሄድ ቅጥቅጥ አገኘሁ። ድልብን አልፎ መኪናው ዳገቱን ሲይዝ ጆሮዬ ተደፈነ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ዛፉ እያጠረ፣ ሰዉ እየተከናነበ ሄደ። ሐርቡ ሰው ከፀሐይ ሸሽቶ ጥላ ነው የሚፈልገው፤ እዚህ ሰዉ ሁሉ በቤቱ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል፣ ጥላው ሲደርስበትም ተነሥቶ ቦታ ይቀይራል። ገብስ ይወቃል። የእኛ አውድማ ላይ ሲወቃ አቧራው ቀይ ነው፣ የእነሱ ነጭ ነው።

ኩልመስክ ልንገባ ስንል ከመኪናው ሥር አንድ ነገር ጓ አለ። ሾፌሩ ወርዶ ተንበረከከና "ባሌስትራው ሄዷል፣ ዛሬ አንሄድም" አለን። ተሳፋሪው አጉረመረመና ወዲያው በየዘመዱ ቤት ተበተነ። እኔ ሻንጣዬን ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ነፋሱ በነጠላዬ አልፎ አጥንቴን ነካው።

ከኋላዬ ወንበር የነበረች አንዲት ሴት ትንሽ ሄዳ ተመለሰች። ስንዱ እባላለሁ አለችኝ፤ ጤፍ ልትሸጥ ወልድያ ወርዳ የምትመለስ የኩልመስክ ሴት ናት።

"ሰው የለሽም እዚህ?"

"የለኝም።"

"በይ ተከተይኝ። ቤቴ ሙቅ ነው።"

ቤቷ እውነትም ሙቅ ነው፤ በግና ፍየሉ በአንድ ወገን፣ ሰው በሌላው ወገን ያድራል። ሒጃቤን አይታ መጀመሪያ የተጨነቀችው ስለ ምግቡ ነበር። "እንኳን የነቢያት ጾም ላይ መጣሽ እቴ። ፍስክ ቢሆን በምን አበላሽ ነበር?" አለችና ሽሮዋን በትኩስ የገብስ እንጀራ አቀረበች። ከአንድ ገበታ በላን። የባሏን ጋቢ አንሥታ አለበሰችኝ። ባሏ አያ ታደሰ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጋቢው ሲወሰድበት ቀና ብሎ አየና የራሱን ትከሻ በአቁማዳ ሸፈነ። እመልሳለሁ ብል እጁን አወዛወዘ። እራት ከበላን በኋላ ባልና ሚስት ስለ በግ ዋጋ በዝቅተኛ ድምፅ ሲጨዋወቱ ሰማኋቸው። ነገሩ ምንም አልነበረም፣ የዕለት ወሬ ነው። እኔ ግን ጋቢውን እስከ ዓይኔ ስቤ ረጅም ሰዓት ሳዳምጥ ቆየሁ። ቤቴ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከሰማሁ አራት ዓመቴ ነው።

ሐሙስ

ባሌስትራው ተበይዶ ረፋዱ ላይ ተነሣን፤ ከቀትር በኋላ ላሊበላ ገባሁ። ማረፊያ የያዝኩበት ቤት ብዙ ክፍሎች አሉት፣ እንግዳ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ መታወቂያዬን አይቶ መዝገቡ ላይ "ሙኒራ" ብሎ ጻፈ። እንዲያርመው ስነግረው ይቅርታ ጠይቆ አረመ፣ ቀጥሎም የክፍሉን ቁልፍ ሲሰጠኝ "እትዬ ሙኒራ፣ ውኃ የሚመጣው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው" አለኝ።

ወደ ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ሄጄ ከላይ ቁልቁል አየሁ። ስለ እሱ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች ጽፈዋልና አልደግመውም። የማስታውሰው አንድ ነገር ነው። ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ ነጫጭ የለበሱ ተሳላሚዎች አጠገቤ አረፉ። ከመሃላቸው አንዲት አሮጊት ስማቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ ጓደኞቻቸውን ቆጠሩ፤ ሁሉም "አለሁ" አሉ። አሮጊቷ እኔ ላይ ሲደርሱ ፈገግ ብለው ዘለሉኝ።

ዓርብ

ወደ ቢልባላ በሚሄድ የሕዝብ መኪና ወጥቼ እናኑ የነገረችኝ መገንጠያ ላይ ወረድኩ። ከዚያ በእግር ነው። መንገዱን ለሁለት ሰዎች ጠይቄ ሁለት የተለያየ አቅጣጫ ተነገረኝና ወንዝ ወርጄ እንደገና ወጣሁ። ጫማዬ የቢሮ ጫማ ስለነበር ቀኝ ተረከዜ ተላጠ። መጨረሻ ላይ ገብስ ጭነው የሚሄዱ አንድ ገበሬ "እማሆይ ሙኒሳን ነው? እነዚያ ጥዶች ሥር" አሉኝና ጎጆዋን አሳዩኝ። የራሴ ስም በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ሰው አፍ፣ እንደ ተለመደ ስም ሲጠራ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ቀጭን ናቸው፣ ቆባቸው ከፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኗል። ሰላምታ ሰጥቼ ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ስሜን ስነግራቸው እንዝርቱ ቆመ።

"ማን አልሽ?"

"ሙእኒሳ።"

"ሞክሼ?" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ሞክሼ ኖሮኝ አያውቅም።"

"እኔም የለኝም፣ እማሆይ።"

"ማን አወጣልሽ?"

"አባቴ። ሰይድ ይባላል። የጨው ነጋዴ ነበር።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ "ረጅም ነው? ሲስቅ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻው ብቻ የሚነቃነቅ?" አሉኝ።

የአባቴን ሳቅ ከሞተ ወዲህ ያነሣብኝ ሰው አልነበረም። በአዎንታ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ በልቤ ስለማመደው የመጣሁትን ጥያቄ ሳላስተካክል አወጣሁት።

"እማሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባቴ ለእርስዎም አባት ነበር?"

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ አዘኑልኝ መሰለኝ።

"አይደለም ልጄ። አባትሽ መጀመሪያ እዚህ አገር የረገጠው በሰኔ መጨረሻ ነው፤ እኔ የተወለድኩት በዚያው ዓመት በሐምሌ ነው። አባቴማ አባቴ ነው፣ እዚያ ማዶ ያለውን ማሳ ያርስ የነበረው። እህት ፈልገሽ ነው የመጣሽው?"

"አዎ።"

"አወይ ልጄ" አሉና እንዝርቱን አስቀመጡ።

ተነሥቼ ወደ ጥዶቹ ሄድኩ። ተረከዜን ለማየት ጎንበስ ያልኩ መሰልኩ እንጂ ያየሁት ነገር የለም። የሌለኝን እህት ይዤ ነበር ከሐርቡ የወጣሁት፤ እንደሌለችኝ እያወቅሁ መመለሱ ከበድ አለኝ። ስመለስ እማሆይ ቂጣ በሱፍ ፈትፍተው ጠበቁኝ። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። "አንቺ መንገደኛ ነሽ፣ ብይ። እኔ እየፈተልኩ የስማችንን ነገር ልንገርሽ" አሉ።

እናታቸው እማማ ጥሩነሽ ከእሳቸው በፊት አራት ልጆች ቀብረዋል። አምስተኛዋ ስትወለድ ስም ለማውጣት ፈሩ። ስም ከወጣላት ሞት ሰምቶ ይመጣል ብለው ልጅቷን "እሷ" እያሉ ሁለት ወር አቆዩዋት። በዚያው ክረምት አባቴ ወንዝ ሞልቶበት ተቸግሮ፣ ከቆላ ይዞት የመጣው ንዳድ ጥሎት፣ እቤታቸው መደብ ላይ ተኝቷል። በቅሎዎቹን የልጅቷ አባት ከከብቶቹ ጋር ያሰማራሉ።

"እናቴ ከአራስ ቤት ስትወጣ የገብሱ አረም ነበር" አሉ እማሆይ። "እኔን ማን ጋ ትተወኝ? ሰው የለም። በሽተኛው እንግዳ ጎን ታስተኛኝና ትሄዳለች። ተነሥቶ አይሄድ ነገር፣ እኔም ተነሥቼ አልሄድ ነገር። ውሏችን አብሮ ነው። ያወራኛል አሉ ቀኑን ሙሉ፤ ስለ በቅሎዎቹ፣ ስለ አገሩ። ሲሻለውና ሊሄድ ሲነሣ እናቴ 'የሩቅ አገር ስም ሞት አያውቀውም፣ አንተ ስም አውጣላት' አለችው። 'ሙእኒሳ በሏት፣ ክረምቱን ያሻገረችኝ እሷ ናት' አለ። ይኸው ሳልሞት ሰባ ደረስኩ።"

"ቄሱ ምንም አላሉም?"

"ክርስትና ሲያነሡኝ ሌላ ስም አወጡልኝ። ስመነኩስም ሌላ ተሰጠኝ። ለእግዜር የምጠራበት እሱ ነው። አገሩ ግን ሙኒሳን አልተው አለ። ምን ማለት እንደሆነ እንኳ የነገረኝ የለም።"

ሸኹ የነገሩኝን ነገርኳቸው፤ ብቸኝነትን የምታስረሳ፣ አብራ ሆና የምታጫውት። እማሆይ ሰሙና ሳቃቸው መጣ።

"ለመነኩሴ" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ለብቻዬ ልኑር ብዬ ለመነኮስኩት።"

ሳቁ ሲያልፍ ፊታቸው ተለወጠ። አባቴ ከዚያ ክረምት ወዲህ በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ይመጣ ነበር። ጨው ያመጣላቸዋል፣ ለልጅቷ ዶቃ ያመጣላታል። "ስትዳሪ ቀሚሱ የኔ ነው" ይላት ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ሳይመጣ ቀረ። በዓመቱም አልመጣም።

"ስዳር እናቴ ሠርጉን አንድ ሳምንት አዘገየችው፣ ይመጣል ብላ። የባሌ ወገኖች ተቀየሙ። አልመጣም። ከዚያ በኋላ ስሙን አታነሣም ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ ግን በየቅዳሜው ገበያ እየወረደች የቆላ ነጋዴዎችን ፊት ታያለች። ሀብታም ሆኖ ረሳን ብላ ነው የሞተችው።"

ያን ጊዜ የእናቴ ወሬ ትዝ አለኝ። ስለ ላስታ ሳይሆን ስለ ድልብ ዳገት የምታወራው ወሬ።

"እማሆይ፣ አባቴ ከበቅሎ ጋር ገደል ወድቋል። ድልብ ላይ። ከእኔ መወለድ በፊት ብዙ ዓመት ነው። ቀኝ እግሩ አልተጠገነም፤ እኔ የማውቀው በምርኩዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሐርቡ ወጥቶ አያውቅም። ትንሽ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ጨው ይሸጥ ነበር።"

"እግሩ ነው?"

"እግሩ ነው።"

"ሀብታም አልነበረም?"

"አልነበረም። እኔ ስወለድ ደግሞ ከዚህ ስም ሌላ አልሰማም አለ።"

እማሆይ ፈትሉን ከእንዝርቱ ላይ ፈቱ፣ እንደገና ጠመጠሙ። ፀሐይ ስትጠልቅ ለሶላት ውኃ ጠየቅኋቸው፤ በቅል አመጡልኝ፣ አጎዛቸውንም አነጠፉልኝ። እሳቸው ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆሙ፣ እኔ ወደ ሰሜን። ጎጆዋ ጠባብ ስለሆነች ስሰግድ ክርኔ ቀሚሳቸውን ነካው።

ቅዳሜ

ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። እኛ አገር ይህን የሚያውቀው የለም፤ ረግጬው ስሰባብረው እንደ ስኳር ጮኸ። እማሆይ ቀድመው ተነሥተው ነበር።

"ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ" አሉ። "እናቴ የሚካኤል ግቢ ውስጥ ናት። ቅር እንዳላት ነው የሄደችው። ያንን ያልሽኝን ለእሷ ንገሪያት።"

"እርስዎ ቢነግሯቸው አይሻልም?"

"እኔማ ዕድሜዬን ሙሉ ይመጣል ስላት ነው የኖርኩ። አታምነኝም። አንቺ የእሱ ነሽ።"

ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው። እማሆይ ገብተው ከአንድ ጥድ ሥር ቆሙ፤ እኔ ከድንጋዩ አጥር ውጭ ቀረሁ። አጥሩ ደረቴ ድረስ ነው። መቃብሩ ላይ ስም አልተጻፈም፣ ድንጋይ ብቻ ተከምሯል። በሥራዬ የብዙ ሰው ሞት መዝግቤያለሁ፤ ሙት አናግሬ ግን አላውቅም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። እማሆይ አልቸኮሉም።

"እማማ ጥሩነሽ" አልኩ። ድምፄ አነሰብኝና ደገምኩት። "እማማ ጥሩነሽ፣ እኔ የሰይድ ልጅ ነኝ። አባቴ ንቋችሁ አይደለም የቀረው። እግሩ ተሰብሮ ነው። ለልጅዎ ሠርግ መምጣት አልቻለም። ረስቶም አይደለም፤ እኔን በልጅዎ ስም ነው የጠራኝ። ክረምቱን ስላስታመማችሁልኝ አላህ ይስጥልኝ።"

አንድ ቁራ ከጥዱ ተነሣና ሄደ። እማሆይ ወደ ድንጋዮቹ ትንሽ ዝቅ አሉ፣ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

"በይ እንሂድ፣ መኪናው ያመልጥሻል" አሉ።

መገንጠያው ድረስ ሸኙኝ። አይምጡ ብል አልሰሙኝም። መኪናው እስኪመጣ ከአንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ብዙም አልተጫወትንም። በስንት ጊዜዬ እንደምመለስ ይጠይቁኝ ይሆናል ብዬ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር። አልጠየቁኝም። መኪናው ከሩቅ ሲታይ በጨርቅ የተቋጠረ የገብስ ቆሎ ከቀሚሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ።

"ቀጠሮ አልጠይቅሽም" አሉ። "ቀጠሮ እናቴን ጎድቷታል። ከመጣሽ በሩ ያው ነው።"

እጃቸውን ስሜ ተሳፈርኩ። በኋላ መስታወት ሳይ እዚያው ቆመዋል፤ መንገዱ ታጠፈና ጠፉ።

እሑድ

ቅዳሜን ወልድያ አድሬ እሑድ ከሰዓት ሐርቡ ገባሁ። ሙቀቱ ከመኪናው በር ላይ ተቀበለኝ። ሰው በሌለበት ቤት ሲገባም ሰላምታ አይቀርም፤ ሃይማኖታችን እንዲህ ያስተምራል። በሬን ከፈትኩና "አሰላሙ ዓለይና"፣ ሰላም በእኛ ላይ ይሁን፣ ብዬ ገባሁ። የመለሰልኝ የለም። ሻንጣዬን አስቀመጥኩ፣ ተረከዜን አጠብኩ፣ ቆሎውን ሳህን ላይ አፈሰስኩት። ገብሱ የደጋ ስለሆነ ከእኛው ይጠነክራል፣ ቶሎ አይታኘክም። እፍኝ እፍኝ እያልኩ ሦስት ቀን በላሁት።